ዲስኩ ደክሞ ሳለ ኮምፒውተሩን ስለ መጣል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከጅማ

ክቡር አዘጋጅ፦

በጅማ ከተማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ስሰጥ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት በአንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ፣ ከዝናብ በቅጡ በማያስጥል ጣሪያ ሥር ተደርድረው ያየኋቸው ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ናቸው። ሁሉም ስክሪኑና ሲፒዩው በአንድ አካል የተሠራላቸው፣ በተለምዶ «ኦል ኢን ዋን» የምንላቸው ዓይነት ናቸው። ለምን እንደ ወጡ ስጠይቅ ጥበቃው «ቀርፋፎች ናቸው፣ ሊወገዱ ነው» አለኝ። የአንዳቸውም ስክሪን አልተሰነጠቀም፤ ሁለቱ እንዲያውም የስክሪን መከላከያ ላስቲካቸው ገና አልተላጠም ነበር። እኔም የራሴን ኮምፒውተር በዚሁ ምክንያት ልሸጠው ደርሼ ስለ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ለአንባቢያን ማካፈል፣ ለመሥሪያ ቤቶቻችንም አንድ ጥያቄ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የእኔ ሱቅ ከሁለት ጠረጴዛና ከአንድ የኮፒ ማሽን በላይ የማይዝ ጠባብ ስለ ሆነ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ ብቻ ያለውና ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ የሚቆም ኮምፒውተር ስገዛ ትልቅ ብልኃት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታትም ደኅና አለፉ። ከዚያ በኋላ ግን ማብሪያውን ስጫን ጀበናው ይጣዳል፣ አቦሉ ተቀድቶ ተጠጥቶ ሲያልቅ ነው የመጀመሪያውን ፊደል የምጽፈው። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የመጣ ተማሪ ደግሞ ቡና ይጠጣ ዘንድ ሳይሆን ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ ነው የመጣው። ቫይረስ ይሆናል ብዬ አጸዳሁት፤ ዊንዶውሱን ፎርማት አስደርጌ እንደ አዲስ አስጫንኩ፤ አንድ ወር ያህል ተሽሎት ተመልሶ ወደዚያው ገባ። ታስክ ማናጀር የሚባለውን መስኮት ስከፍት ፕሮሰሰሩ አሥር በመቶ እንኳ ሳይሠራ ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዟል ይል ነበር፤ ምልክቱ ከፊቴ ተቀምጦ ሳለ ትርጉሙን አላወቅሁም።

የሃርድ ዲስክ ነገር እንዲህ ነው። በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን አለ፤ በሳሕኑ ላይ ደግሞ ወዲያና ወዲህ እያለ የሚያነብ ቀጭን ክንድ አለ። የእኔው ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ስለ ሆነ አንዱ ዙር 11 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይወስዳል፤ ክንዱ ከሚፈለገው መስመር እስኪደርስ፣ ሳሕኑም የሚፈለገውን ቦታ ዞሮ እስኪያመጣለት የሚጠፋው ጊዜ ሲደማመር፣ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን በሴኮንድ መቶ ጊዜ እንኳ ማንሣት አይሆንለትም። በአንድ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ፋይል፣ ለምሳሌ የሠርግ ቪዲዮ፣ ቢሆን በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ማንበብ ስለሚችል ችግሩ አይታወቅም። ዊንዶውስ ሲነሣ፣ ዎርድ ሲከፈት፣ ፀረ ቫይረሱ ሲፈትሽ የሚፈለጉት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው፤ በየዓመቱ የሚመጣው አዲስ የዊንዶውስ ዝማኔም ይህን ጥያቄ ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ የሚዞርም የሚንቀሳቀስም አካል ስለሌለው እነዚህን ትንንሽ ፋይሎች በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ያነሣል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ያላረጀ፣ ራሙም (በሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዘው ማኅደር) የሚበቃ ኮምፒውተር በሃርድ ዲስኩ ብቻ ተጎትቶ «አለቀለት» ሊባል ይችላል ማለት ነው።

ይህን ሳላውቅ በፊት ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ባለሙያው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ አየውና «ኦል ኢን ዋን አይከፈትም፤ ሽጠው» አለኝ። እንዲከፍተው ስለምነው ስክሪኑን በባዶ ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ፣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ የጀርባውን ክዳን እየፈለቀቀ አራት የፕላስቲክ መያዣዎቹን ሰበራቸው። ውስጡን አየት አድርጎም ሌላ ሐሳብ አቀረበልኝ፤ ዲስኩን ይቀይርልኛል፣ አሮጌውን ለእሱ ከተውኩለት ደግሞ ከእጅ ዋጋው ይቀንስልኛል። ያ ክዳን እስከ ዛሬ በፕላስተር ተይዞ ነው የቆመው። ስለ አሮጌው ዲስክ የጠየቀኝን ግን ኋላ እመለስበታለሁ፤ ከተሰበረው ክዳን ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነውና።

ነገሩን ያቃናልኝ ደንበኛዬ የነበረ ወጣት ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ገንዘብ አልነበረም። «ጋሼ፣ የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው ያንብቡልኝ» አለኝ። በዚያ ቁጥር የአምራቹን የጥገና መመሪያ ከኢንተርኔት በነፃ አወረደና የትኛው ብሎን እንደሚፈታ፣ ክዳኑ ከየት በኩል እንደሚጀመር፣ ዲስኩ የት እንደ ተቀመጠ፣ ትርፍ ቦታ ይኑረው አይኑረው ገና ሳይነካው በሥዕል አሳየኝ። ታዋቂዎቹ አምራቾች ለአብዛኞቹ ሞዴሎቻቸው ይህን መመሪያ ለሕዝብ ክፍት ማድረጋቸውን በዚያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ በጥገና ቤቱ ግን አንድም ሰው ሲገልጠው አላየሁም።

በመመሪያው መሠረት የእኔ ኮምፒውተር ውስጡ ከላፕቶፕ ብዙም አይለይም፤ ዲስኩ ባለ 2.5 ኢንች የላፕቶፕ ዲስክ ነው፤ ራሙም የላፕቶፕ ራም ነው፤ የጎደለው ባትሪ ብቻ ነው። ከዲስኩ ሌላ በማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉም አካል በሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ኤም ዶት ቱ የሚባል፣ ማስቲካ የሚያህል ጠባብ ማከማቻ የሚሰካበት ባዶ ቦታ ተገኘ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲጠነቀቅ እፈልጋለሁ። በአንዳንድ ሞዴሎች ማዘርቦርዱ ላይ የዚህ መሰኪያ ሥፍራ ተሥሎ ይታያል፣ መሰኪያው ራሱ ግን አልተበየደም፤ ስለዚህ ማከማቻውን ከመግዛት በፊት ከፍቶ በዓይን ማየት ያሻል። መሰኪያው ቢኖርም ሁሉንም ዓይነት አይቀበልም። አንዱ ዓይነት በቀድሞው የሳታ መስመር የሚሠራ ሲሆን በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል፤ ሌላው ኤንቪኤምኢ የሚባለው ሲሆን በሦስተኛው ትውልድ መስመር ላይ 3500 ገደማ ይደርሳል። ሁለቱ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሳታው በጥርሱ ላይ ሁለት ክፍተት፣ የኤንቪኤምኢው አንድ ክፍተት አለው፤ ይሁን እንጂ ባለ ሁለት ክፍተቱ ወደ ኤንቪኤምኢ መሰኪያም ይገባል፤ ገብቶ ግን ላይታወቅ ይችላል።

ይህን የምጽፈው በራሴ ስለ ደረሰ ነው። ወጣቱ ዓይነቱን በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኝ ሳለ እኔ ቸኩዬ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመዴ በስልክ «ኤም ዶት ቱ የሚባለውን ግዛልኝ» አልኩት። ከሁለት ቀን በኋላ በአውቶቡስ የመጣው ባለ ሁለት ክፍተቱ የሳታ ዓይነት ነበር። ተሰካ፣ ብሎኑም ታሰረ፣ ኮምፒውተሩ ግን ጨርሶ አላየውም፤ ሻጩም «ከተከፈተ አይመለስም» አለ። 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት ቀላል አይደለም። ያን ማከማቻ በዩኤስቢ በሚሰካ ትንሽ ቤት ውስጥ ከትቼ ለመጠባበቂያ ስለምጠቀምበት ገንዘቤ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ለኮምፒውተሩ ግን በወረቀቱ የተጻፈውን ባለ 512 ጊጋ ኤንቪኤምኢ እንደገና አስገዛሁ። ርዝመቱም መታየት አለበት፤ 2280 የሚል ቁጥር ያለው 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት አለው ማለት ነው፤ የብሎኑ ቀዳዳ በ42 ሚሊሜትር ላይ ብቻ ካለ ረጅሙ አይታሰርም።

ኤም ዶት ቱ የሌለው ኮምፒውተር ያለው ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ባለ 2.5 ኢንቹን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ገመድ ላይ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው የሳታ ኤስኤስዲ መተካት ይቻላል። እንዲያውም ለእኛ ዓይነቱ የጽሕፈት ሥራ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ መሻገር ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ሲሆን፣ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ያለው ግን እምብዛም አይታወቅም፤ ሻጭ 3500 የሚለውን ቁጥር እየጠራ ዋጋ ሲያስወድድ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ዲቪዲ ማጫወቻ ያላቸው ሞዴሎች ደግሞ ማጫወቻው ወጥቶ በምትኩ ሁለተኛ ዲስክ የሚይዝ ካዲ የሚባል ክፈፍ ሊገባላቸው ይችላል፤ ካዲው 9.5 ወይም 12.7 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለው በቅድሚያ መለካት ነው። የሚያስቸግሩና ጨርሶ የማይቻልባቸውም አሉ። የአፕል አይማክ ከ2012 እስከ 2019 በተሠሩት ቀጫጭን ሞዴሎች ስክሪኑ በማጣበቂያ ስለ ተያዘ ማጣበቂያውን ቆርጦ በአዲስ መተካት ይጠይቃል፤ በ2021 የወጣው ባለ ኤም ዋን ሞዴል ማከማቻው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለ ሆነ በገዙበት መጠን ከመኖር ሌላ ምርጫ የለም። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ራሱ ከሁለት ሰዓት አልበለጠም። ወጣቱ ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ ያዘ፤ በጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ ዘርግቶ ስክሪኑን በላዩ ደፋ፤ ክዳኑንም በካቻቢቴ ፋንታ ጊዜው ባለፈበት የስልክ ካርድ ዙሪያውን እየፈለቀቀ አነሣው። ከዚያ በፊት ግን ግማሽ ቀን የፈጀው ፋይሎቼን ወደ ውጭ ማከማቻ መገልበጡ ነበር፤ «ጋሼ፣ ባካፕ ሳይኖር ብሎን አልፈታም» ብሎ እምቢ አለኝ። ፋይሎችን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ምስጠራ በርቶ እንደ ሆነም አረጋገጠ፤ ምስጠራው ከበራ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ መክፈቻ ቁጥር ከመሥራት በፊት ተጽፎ ካልተያዘ የገዛ ፋይልን በገዛ እጅ መቆለፍ ሊመጣ ይችላልና። ዊንዶውሱን እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ፣ ማለትም ክሎን ማድረግ፣ ወይም እንደ አዲስ መጫን ሁለቱም ይቻላል። ሃርድ ዲስኬ አንድ ቴራ ቢሆንም የሞላው 180 ጊጋ ብቻ ስለ ነበር በአዲሱ ባለ 512 ጊጋ ማከማቻ ላይ በሰፊው ይገለበጥ ነበር፤ እኔ ግን ለዓመታት የተጠራቀመውን ኮተት ይዤ መሻገር ስላልፈለግሁ እንደ አዲስ አስጫንኩት። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የመጡ ኮምፒውተሮች የፈቃድ ቁልፋቸው በማዘርቦርዱ ላይ ስለሚኖር ሌላ ቁልፍ መግዛት አላስፈለገኝም። ዛሬ ዊንዶውሱና ፕሮግራሞቹ በአዲሱ ማከማቻ፣ የደንበኞች ሰነዶች በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይነሣል፤ አቦሉን የምጠጣውም እየጻፍኩ ነው።

ወደ አሮጌው ዲስክ ልመለስ። በእኔ ዲስክ ላይ የስንት ተማሪ ጥናት፣ የስንት ሰው መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የኑዛዜና የሽያጭ ውል ቅጂ እንዳለ ቆጥሬ አላውቅም። ይህን ለማያውቁት ሰው በቅናሽ ዋጋ ምትክ መተው የሌላውን ሰው ምስጢር መሸጥ ነው። ፋይል ደምስሼአለሁ ወይም በአጭሩ ፎርማት አድርጌአለሁ ማለትም በቂ አይደለም፤ እንዲህ ሲደረግ የሚጠፋው ማውጫው እንጂ ጽሑፉ ስላልሆነ በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች መልሶ ማውጣት ይቻላል። ሃርድ ዲስክ ከእጅ የሚወጣ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ሌላ ነገር ሊጻፍበት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በጓሮ የተደረደሩት የእነዚያ ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ዲስኮችም በሐራጅ ሲሸጡ የባለጉዳይ ፋይል ይዘው እንዳይወጡ እሰጋለሁ።

ስለ ሐሰተኛ ማከማቻም ጥቂት ልበል። በገበያችን 2 ቴራ፣ አንዳንዴም 16 ቴራ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው፣ በማይታመን ርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ፍላሾችና የውጭ ኤስኤስዲዎች ይታያሉ። ውስጣቸው ያለው ጥቂት ጊጋ ሲሆን ለኮምፒውተሩ ትልቅ ነኝ ብለው እንዲዋሹ ተደርገዋል። እውነተኛው መጠን እስኪሞላ ደኅና ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። አንዲት ደንበኛዬ የስድስት ወር የመስክ መረጃዋን እንዲህ አጥታ በሱቄ ወንበር ላይ ስታለቅስ አይቻለሁ። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ማከማቻውን እስከ ጫፉ ጽፎ መልሶ በማንበብ ውሸቱን ያጋልጣል፤ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ በዚያው ቀን ፈትሾ፣ ሐሰት ከሆነ በማግሥቱ መመለስ ነው።

መብራት ሲቋረጥ ላፕቶፕ በባትሪው ይተርፋል፣ ኦል ኢን ዋን ግን እየተጻፈበት ሳለ ይጠፋል። 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገዳችን በኩል ተቀምጦ እያለ የጅማ መብራት ሲሄድና ሲመጣ መዋሉ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ኤስኤስዲም በመጻፍ ላይ ሳለ በድንገት ሲጠፋበት ያልጨረሰውን ሊያጣ ስለሚችል፣ አዲስ ማከማቻ የገዛ ሰው መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆይ አነስተኛ ዩፒኤስ ቢጨምርበት እመክራለሁ።

ማከማቻ መቀየር ሁሉን እንደማያድን አልክድም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት አካል ስለሚጠይቅና ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ያሉትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስለማይቀበል፣ ኤስኤስዲ የገባለት አሮጌ ኮምፒውተር ፈጥኖም ከዚህ በር ሊመለስ ይችላል። ለእንዲህ ያለው በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ መጫን ወይም ከኢንተርኔት ተለይቶ ለጽሕፈትና ለኅትመት ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ራሙ 2 ጊጋ ሆኖ ከማዘርቦርዱ ጋር ለተበየደ ኮምፒውተር ግን ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም። ይህን የሚለየው ከፍቶ ማየት እንጂ «ቀርፋፋ ነው» የሚል ቃለ ጉባኤ አይደለም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ንብረት የሚያስወግዱ ኮሚቴዎች አንድ ኮምፒውተር ይወገድ ብለው ከመፈረማቸው በፊት የማከማቻውን ዓይነት፣ የራሙን መጠንና የፕሮሰሰሩን ትውልድ በአንድ መስመር እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። የግዥ ክፍሎችም የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጁ «አንድ ቴራ» ብለው ብቻ አይለፉ፤ በዚህ ቃል አቅራቢው 5400 የሚዞረውን ሃርድ ዲስክ ቢያመጣ ሊከሱት አይችሉም። ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆኑ፣ ለተጨማሪ የሚሆን ባዶ መሰኪያ መኖሩ፣ ክዳኑም ስክሪኑ ሳይነካ መከፈቱ በሰነዱ ይጻፍ። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የሙያ ማሠልጠኛዎች አሉ፤ በእነዚህ ለሚማሩ ልጆች የሚወገዱት ኮምፒውተሮች ከመሸጣቸው በፊት መለማመጃ ቢሆኑ ማንም አይጎዳም።

ያን ጓሮ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ይህን ደብዳቤ ካነበበና ከፈቀደ፣ ከዘጠኙ መካከል ሁለቱን ያለ ክፍያ ከፍቼ ውስጣቸውን ለኮሚቴው ለማሳየት ዝግጁ ነኝ። ወጣቱም አብሮኝ ለመምጣት ተስማምቷል። የምንፈልገው ዝናብ የማይገባበት አንድ ጠረጴዛ ነው፤ ፎጣውንና የስልክ ካርዱን እኛ ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ሰጪ
ፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ